የጥጃ ቤቱ ሞተር

አጎቴ ያን ቀን ወደ እኔ ያየው «ተናገሪ» ሊለኝ ነው ወይስ «ዝም በይ»? አንዱን ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው የልቡን ከፊቱ ማንበብ ድሮም ይከብደኝ ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው ተቀምጧል፤ እኔ የጠላ ገንቦ ታቅፌ ቆሜያለሁ፤ ቀና ብሎ አየኝ። ዝም አልኩ። ያችን እይታ ዕድሜዬን ሙሉ ሳገላብጣት ኖሬአለሁ፤ ትርጉሟን ግን አላገኘሁም። ስለዚህ የማላውቀውን ትቼ የማውቀውን እጽፋለሁ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በልጅነቱ ከሰቆጣ ወጥቶ አስመራ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ገባ። እዚያ ጎለመሰ፣ እዚያም የብረት ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን አጠፋው። በአንድ ዓይን አትሠራም ብለው ሲያሰናብቱት ያረጀች የጠረጴዛ ቶርኖ ሰጡት። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ በስለት የሚልግ መኪና ነው። ፈታትቶ በሁለት በቅሎ ጭኖ ሰቆጣ ሲደርስ እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ያረፈው እኛ ቤት ነው። «እኛ ቤት» እላለሁ እንጂ ግቢው የእናቴ አባት ግቢ ነበር፤ በወጉ ከሄድን እንግዳው አባቴ ነው። ይህን ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

አባቴ የደብር መሪጌታ ነበር። ቶርኖዋ ከበቅሎ ስትወርድ ፊቱ ተለወጠ። ለምን እንደተለወጠ የአገራችን ሰው ሳይነገረው ያውቃል። በእኛ ዘንድ ብረት የሚያግልና የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ይባላል። ማረሻውን ከእጁ ይቀበሉታል፣ ማጭዱን ይቀበሉታል፤ እንጀራውን አይቀምሱም፣ ልጃቸውን አይሰጡትም፣ ከጠጣበት ዋንጫ አይጠጡም። በሠራው ማረሻ ያረሱትን እህል ግን ሲበሉ አንድም ቀን አንገራግረው አያውቁም።

አባቴ ሁለት ቀን አስቦ ፍርድ ሰጠ።

«ወናፍና እሳት ከሌለበት ቀጥቃጭ አይባልም» አለ። «ቀዝቃዛ ብረት መላግ እንጨት እንደ መላግ ነው። ከኋላ በጥጃ ቤቱ ይሥራ። ሰው ከጠየቀ ሰዓት ይጠግናል በሉ።»

ሰዓት ጠጋኝ ክብር አለው። እንዲህ ባለ ቀጭን መስመር ላይ ነው አንድ ሰው በአባቱ ግቢ እንዲቆም የተፈቀደለት።

እኔ በዚያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጋዝጊብላ ተድሬ፣ ሦስት ዓመት ቆይቼ፣ አልወለደችም ተብዬ ተመልሻለሁ። አባቴ ሌላ ባል እስኪገኝ ድረስ ብሎ ትምህርት ቤት አስገባኝ። ጉልበቴ ዴስኩ አልገባ እያለ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ተቀመጥኩ። «እማማ፣ ራበን፣ አጥቢን!» ይሉኝ ነበር። አልመለስኩላቸውም። በዓመት ሁለት ክፍል እያለፍኩ ጥያቸው ሄድኩ።

አጎቴ ከአስመራ ያመጣው አንድ ቀጭን መጽሔት ነበር። በውስጡ ጫማ የምታክል የእንፋሎት ሞተር ንድፍ አለ፤ ሲሊንደሩ፣ በሆዱ የሚመላለሰው ፒስተን፣ ከባዱ ጎማ፣ ውኃ የሚፈላበት ቦይለር፣ ሁሉም ከነልኩ። ጽሑፉ በጣሊያንኛ ነው። አጎቴ ጣሊያንኛ እንደ ውኃ ይጠጣል፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። እኔ በእንግሊዝኛ ክፍል ያንኑ ፊደል ተምሬአለሁ፤ ከጣሊያንኛ ግን አንድ ቃል አላውቅም። እንግዲህ እኔ ሳይገባኝ አነባለሁ፣ እሱ ሳያነብ ይገባዋል። የመጽሔቱን ዘጠኝ ገጽ እንዲህ ሆነን ጨረስነው።

«ሲ፣ ሊን፣ ድሮ።»

«ቺሊንድሮ! ቺሊንድሮ ነው እንጂ። ቀጥይ አንቺ ተማሪ።»

«ዲያሜትሮ፣ አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ሚሊሜትር። አስተውለሽ እዪው፤ ስምንት ነው ሦስት?»

«ስምንት ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስምንትና ሦስት አልለይም?»

«ኧረ አትቆጪ! የአባትሽን ፊት ይዘሽብኝ መጣሽ።»

ይህን ሁሉ ለምን እንደሚለፋ ጠይቄው ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው መኪና ጠገንኩ» አለኝ። «አንዲት እንኳ ከባዶ ጀምሬ ነፍስ የዘራሁባት የለችኝም። ይህችን ሠርቼ ልያት፤ ከዚያ ሰዓት ብጠግንም ግድ የለኝም።»

ነሐሱን አባቴ ራሱ ሰጠን። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የደብሩ ደወል ባዶ የመድፍ ቀለህ ነበር፤ ወይራ ላይ ተሰቅሎ በድንጋይ ይመታል። እውነተኛው ደወል ሲመጣ ቀለሁ ወርዶ እኛ ጓዳ ገባ፤ አባቴ መቋሚያዎቹን ያቆምበት ነበር። «ውሰደው፣ ቦታ ከሚይዝ» አለው ለአጎቴ። በገዛ እጁ አንስቶ ሲሰጠው አይቻለሁ። ይህን አንባቢ ያስታውስልኝ። ለሲሊንደሩ የሚሆነውን ወፍራም ነሐስ ደግሞ አጎቴ መንገድ ዳር ከተተወ የጣሊያን ካሚዮን አውልቆ አመጣ።

ቶርኖዋን የምታሽከረክራት የልብስ ስፌት መኪና መርገጫ ነበረች። ከበዓላቱ የተረፉትን ቀናት እየለቀምን እንሠራለን፤ በእኛ አገር ሥራ የማይከለከልበትን ቀን መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። ፊት ለፊት ባለው ግቢ አባቴ ለተማሪዎቹ ዜማ ያስጠናል፤ ከኋላ እኛ እንረግጣለን። አጎቴ ጎማውን፣ ዘንጉን፣ መቆሚያውን ሠራ። ሲሊንደሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ስለቱ ብረቱን ነካ አልነካ የሚለውን ለመለየት ሁለት ዓይን ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ አበላሸው።

«ነይ ተቀመጪ» አለኝ።

ተቀመጥኩ። እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ፣ ስለቱን በጠጉር ስፋት እያስጠጋሁ፣ የነሐሱን ሆድ መቦርቦር ጀመርኩ። እሱ አጠገቤ ቆሞ በጆሮው ይከታተላል። «ጮኸ፣ አብዝተሻል፣ ቀንሺ... እንዲያ... አሁን ዘፈነ፣ ተዪው ይሂድ።» ስጨርስ ልኩን ወሰድኩ። አፉ ሰፍቶ ሥሩ ጠቧል።

«ይሄዳል» አለ አጎቴ። «ለጨዋታ እኮ ነው።»

«አይሄድም።»

«እንፋሎቱ ገፍቶ ያስኬደዋል፣ ምን ቸገረሽ!»

«በጎን ያመልጣል። እንደገና እሠራለሁ።»

«ነሐሱ ሊያልቅ ነው እኮ ሴትዮ!»

«ካለቀ ሌላ ካሚዮን ፈልግ።»

ሳቀ። በእኔ እጅ ሦስተኛው ልኩን ያዘ። ፒስተኑን የገጠምኩት በአባቴ መጻፊያ ዕቃ ነው። ከቀለም ቀንዱ አጠገብ ያለውን ጥላሸት ሰርቄ፣ በኑግ ዘይት ለውሼ ፒስተኑን ቀባሁት። ሲሊንደሩ ውስጥ ከትቼ ሳወጣው ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ አብጧል ማለት ነው፤ በሞረድ ዳሰስ አደርገዋለሁ፤ እንደገና እቀባለሁ። ብራና የፋቁ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ ብዙ ከመፋቅ ትንሽ መፋቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በአሥራ ሁለተኛው የሲሊንደሩን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ ደፍኜ ፒስተኑን ሳብኩትና ለቀቅኩት። ጧ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለሰ። አየር አያልፍበትም ማለት ነው። አጎቴ ተቀብሎኝ እሱም ሳበው፣ ለቀቀው፣ ሳበው፣ ለቀቀው። «አስመራ እንዲህ የሚገጥም ሁለት ሰው ብቻ ነው የማውቀው» አለ። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ምስጋና አልተሰጠኝም። ዲፕሎማዬን የሰጡኝ ቀን እንኳ እንዲያ አልሆንኩም።

ከቀለሁ ቆርጠን ያወጣነውን ቦይለር ሁለት ጫፍ ለመድፈን ቆርቆሮ ማቅለጥ ግድ ነበር። አጎቴ ከሰል አቀጣጥሎ እፍ ሲል አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«ይህ ጭስ ምንድን ነው?»

«ቂጧን ልድፈንላት ብዬ ነው፣ መሪጌታ።»

«እሳት አይኖርም ተባብለን ነበር።»

«ወናፍና እሳት ነው ያሉት። ይኸው ወናፍ የለም፤ በመቃ ነው እፍ የምለው።»

አባቴ መቃውን አየ። መቃ የብዕር ዘመድ ነው። «መቃ ከሆነ...» አለና ሄደ። ያን ቀን አጎቴ የተረታው አባቴ መስሎት ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ውኃ ሞልተን ፍም አደረግንባት። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ቲፍ፣ ቲፍ አለች፤ አጎቴ ጎማውን በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ጠለፈችና ተሽከረከረች። እሱ እየሳቀ ያለቅሳል። እኔ በጎን የሚያመልጥ እንፋሎት እንዳለ ጎንበስ ብዬ እመረምራለሁ። አልነበረም።

ትንሽ መብሻ አንስቶ «ከመቆሚያዋ ላይ ሁለታችንንም እንጻፍ፤ ያንቺን ፊደል ያንቺ እጅ፣ የኔን ደግሞ አሳዪኝ» አለኝ።

«እኔን ተወኝ» አልኩት። «ወሬ ይሆናል። አባቴ ሰው እየፈለገልኝ ነው።»

አየኝ፤ መብሻውን አስቀመጠ። የራሱንም አልጻፈ።

ወሬው ግን አልቀረም፤ የወጣውም ከኔ ነው። በትምህርት ቤት ድርሰት ጻፉ ሲሉን ስለሞተሯ ጻፍኩ፤ ራሴን አውጥቼ፣ አጎቴን ብቻ አስገብቼ። ዲሬክተሩ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ነው፤ የአገሩን ነገር አያውቅም። ደስ ብሎት እቤት ድረስ መጣና ሞተሯን ለትምህርት መዝጊያ በዓል ተዋሰ። ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እሳት አደረገባት። ተነፈሰች፣ ዞረች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች እንዳይሰማባቸው በኽምጣኛ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው፤ ኽምጣኛ የእናቴ ቋንቋ መሆኑን ረስተዋል። «ያ ዓይናማው ነው» አለች አንደኛዋ። ዓይን የጎደለውን ሰው ዓይናማ ብላ መሳደቧ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከፊት ቆማ ስታይ የነበረች የአንድ ነጋዴ ልጅ ትኩሳት ያዛት። ወባ ይሁን ሌላ ማንም አልጠየቀም። ዓይን ነው ተባለ። የማን ዓይን እንደሆነም ታወቀ።

በዚያው ሳምንት የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእኛ ቤት ነበር። በየወሩ በቅዱሱ ቀን አባላቱ በአንዱ ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፣ ከአንድ ዋንጫ እየተቀባበሉ ይጠጣሉ። የአጎቴ ወንበር የአባቱ ወንበር ነው፤ ያ ማኅበር ሲመሠረት አያቴ ነበሩበት። ጸሎቱ አልቆ ጠላ ልቀዳ ስል ሙሴው፣ የማኅበሩን ሥርዓት የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ግቢ እሳት ይነፋል ይባላል። የደብሩ ቀለህም እሳት ላይ ተጣደ ይባላል። ይህ ነገር የማን እጅ ነው?»

አባቴ ሁሉን ያውቃል። ቀለሁን ሰጥቷል። መቃውን ፈቅዷል። ደግሞም እሱ አንድ ቃል ቢናገር ከዚያ ቤት የሚቃወመው አልነበረም። እሱ ግን ምንም እንደማያውቅ ሰው ዞር ብሎ «የማን ሥራ ነው?» አለ።

አጎቴ ያየኝ ያን ጊዜ ነው።

የመሪጌታ ልጅ ነኝ። «ሲሊንደሩን የቦረቦርኩት እኔ ነኝ፣ እስቲ እኔንም ቡዳ በሉኝ» ብል ኖሮ የትኛው አፍ ይከፈት ነበር? ወይም ደግሞ ሁለታችንንም አንድ ላይ ይቀብሩን ነበር። አላውቅም። ገንቦው ከብዶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

«የኔ ነው» አለ አጎቴ። «ብቻዬን ነው የሠራሁት። ማንም አልረዳኝም።»

ሙሴው አባቴን አዩት። «እንግዲህ ሥርዓቱን እርስዎ ያውቃሉ።»

አባቴ ወደ እኔ ሳይዞር «ጓዳ ያለችውን ቅል አምጪ» አለኝ። «ለእሱ በእሷ ስጪው።»

አመጣኋት። ቀዳሁለት። በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ወጉ አቀበልኩት። ፒስተኑን በገጠምኩበት እጅ ነው። አጎቴ ሳይቸኩል ጠጥቶ ጨረሰና ቅሏን አፏን ወደ መሬት ደፍቶ አስቀመጣት። ከዚያ የአባቱን ወንበር ትቶ ወጣ። በሳምንቱ ስለቶቹን ብቻ በከረጢት ይዞ ሄደ። ቶርኖዋን አልነካትም። ሲሰናበተኝ «ጥሩ ተማሪ ነሽ» ከማለት በቀር ምንም አላለኝም።

የነጋዴው ልጅ ከዚያ ቀን በፊት ድና ነበር። አዎ፣ በፊት። ማኅበሩ እኛ ቤት በተቀመጠበት ሰዓት ደጅ ገመድ ስትዘል አይቻታለሁ። «ድናለች፣ እንግዲህ ቃላችንን እናንሳ» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሰውን ለመክሰስ ትኩሳት ይበቃል፤ ክሱን ለማንሳት ግን ጤና አይበቃም።

አጎቴ ቆላ ወርዶ የጥጥ እርሻ መኪና ይጠግናል ሲባል ሰማን። በሁለተኛው ዓመት ሞተ የሚል መልእክት መጣ። ተዝካሩን አባቴ አወጣለት፤ ዜማውን ራሱ መራው፤ ድምፁ ያማረ ነበር፣ መካድ አልችልም። ማኅበሩ ሁሉ መጥቶ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። ያን ቀን ከጓዳ ቅል አልወጣም። እኔ ወጥቼ ጥጃ ቤት ተቀመጥኩ።

ለእሱ ስል ዝም ያልኩለት ባል መጣ። እምቢ አልኩ። አጎቴን የሸጥኩበትን ዋጋ ቤቴ ማስገባት አልፈለግኩም።

መምህርት ሆኜ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለስኩ። ከበዓሉ ወዲህ ያልተመለሰችው ሞተራችን የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነበረች። ከሥሯ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የእንፋሎት ሞተር፣ ከውጭ አገር የመጣ»። ቡዳ የሠራው ከሚባል ከውጭ የመጣ ቢባል ሳይሻል አልቀረም። ያን ወረቀት ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እያነበብኩ አለፍኩ። የተማሪ ነጠላ ስሕተት የማላልፈው ሰው፣ ያን አለፍኩ።

ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ዓመት ሲቀራቸው ዝናብ ጠፍቶ መንገዱ ከየገጠሩ በሚወርድ ሰው ተሞላ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ እኔ ቤት ነበርኩ። አባቴ ሁለቱም ዓይኑ ጠፍቶ መደብ ላይ ተቀምጦ ጸሎቱን በቃሉ ይደግማል። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ውኃ ለመነች።

አባቴ ጸሎቱን አቋርጦ «በቅል ስጫት» አለኝ።

ያችኛዋ ቅል አይደለችም፤ ያችን የሰበርኳት አጎቴ የሄደ ቀን ነው። ቃሉ ግን ያው ነበር፣ ድምፁም ያው። የአባቴን የቀንድ ዋንጫ ከተሰቀለበት አውርጄ፣ ሞልቼ ለሴትየዋ ሰጠኋት። ጠጥታ መርቃኝ ሄደች። ዋንጫውን ሳላጥብ አባቴ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«በምን ሰጠሻት?»

«በእርስዎ ዋንጫ።»

እጁን ሰድዶ የዋንጫውን አፍ ዳሰሰ።

«አባዬ» አልኩት፤ «የዚያችን ሞተር ሲሊንደር የቦረቦርኩት እኔ ነኝ። ፒስተኑንም የገጠምኩት እኔ ነኝ። አጎቴ ብቻዬን ነኝ ያለው ዋሽቶ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ጆሮዬ። እሱ ሲረግጥ ምቱ ያነክሳል፤ ሁለት ረግጦ ያርፋል። አንቺ ስትቀመጪ ልኩን የጠበቀ ምት ነበር። ተማሪዎቼን ያንን ስሙ፣ እንዲህ ነው መምታት ብዬአቸው አውቃለሁ። ስትሠሪ የከረምሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ።»

«እያወቁ ነው "የማን ሥራ ነው" ብለው የጠየቁት?»

«አንቺን ማትረፍ የሚችል እሱ ብቻ ነበር። ያተርፍሻል ብዬ አመንኩት።»

«እኔ ነኝ ብል ማን ደፍሮ ቅል ያወጣ ነበር?»

«ወይ ማንም» አለ። «ወይ ሁለት ቅል።»

«አጎቴ ያን ጊዜ ወደ እኔ አየ። ምን ሊለኝ ነበር?»

«እኔ ያን ጊዜ ምንጣፉን ነበር የማየው።»

የሚደበቅበት ዓይን አልነበረውም፤ እውነቱን ነው። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ይቅር አላልኩትም።

«ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ» አለ። «አሁን ምን ይጠቅማል ብለሽ ነገርሽኝ?»

«ልክ እንዲሆን ነው።»

መቁጠሪያውን አንስቶ ጸሎቱን ካቆመበት ቀጠለ። ሁለት ስንኝ እንደሄደ አንድ ቃል ሳተ። በሕይወቱ ሲስት ሰምቼው አላውቅም። እዚያው ላይ አቁሞ ጠበቀኝ።

አረምኩት።